ሙሽራ በጋሪ ወደ ቦሌ

አዲስ አበባ ሄጄ ተመለስኩ። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን የሰማ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ግማሹ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ግማሹ ስለ እህቴ ልጅ ሠርግ። በየሻይ ቤቱ ተቀምጦ ከመደጋገም አንድ ጊዜ ጽፎ መገላገል ይሻላል። ቦሌን ያላዩ፣ ለማየትም የማይቸኩሉ አንባቢዎች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ብዙ እንዳላመለጣቸው አስቀድሜ ልንገራቸው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። ምክንያቱን አንባቢው ሲደርስበት ያየዋል።

ሐሙስ

አውቶቡሱ የተነሳው ጎህ ሳይቀድ ነው። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣራ ላይ ሲጭን ውስጡ ማር እንዳለበት ነገርኩት። “አይዞህ አባት፣ እንደ እንቁላል ነው የማስቀምጠው” አለኝ። እንቁላል እንዴት እንደሚያስቀምጥ መጠየቅ ነበረብኝ።

አጠገቤ አንዲት ወጣት ነርስ ተቀመጠች። ከካራቆሬ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ስለ አንድ ዘፋኝ ፍቺ አጫወተችኝ፤ ማን እንዳጣላቸው፣ መኪናው ለማን እንደደረሰ፣ እናቱ ምን እንዳሉ። ዘፋኙን በአካል አይታው አታውቅም። ስለ ራሷ ባል ስጠይቃት “ደህና ነው” ብላ አበቃች።

ቀትር ላይ ደብረ ሲና ወርደን ምሳ በላን። ምግብ ቤቱ የእስላም ሥጋ ስላልነበረው ሽሮ አዘዝኩ። ሽሮው ከእኛ አገሩ ይቀጥናል፤ በርበሬው ግን ምሕረት የለውም። ከዚያ ጣርማ በርን ወጥተን ዋሻውን ስናልፍ ብርዱ እንደ ተጠራ እንግዳ ገብቶ መሐላችን ተቀመጠ። የኮምቦልቻ ሰው ብርድ ሲባል ደሴን ነው የሚያስበው፤ ደሴ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምድጃ ዳር ነው።

ከደብረ ብርሃን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም የፈነዳ ሆኖ ተገኘ፤ ሾፌሩ በዚህ የተገረመ አይመስልም ነበር። እሱ ሌላ ጎማ እስኪያስመጣ ከመንገዱ ዳር ካለች ጎጆ አንዲት ሴትዮ ወጥተው ተሳፋሪውን ሁሉ ግቡ አሉ። ጠላ ቀዱልኝ። እስላም ነኝ ስላቸው “ታዲያ ቶሎ አትለኝም?” ብለው ቆጡኝና የተፈላ ወተት ሰጡኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ መሄዴን ያወቅሁት አውቶቡሱ ከተነሳ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ በስም የማውቀው ሰው የነርሷ ዘፋኝ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ማምሻውን አውቶቡስ ተራ ደረስን። የእህቴ ባል ሰይድ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በሚኒባስ መገናኛ፣ ከመገናኛ በሌላ ሚኒባስ ገርጂ ገባን። እህቴ ከድጃ ሻንጣዬን ከፈተችና መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ማሩን ለሠርጉ ያመጣሁት ሙሉ ልብስ እስከ ገበሩ ጠጥቶታል።

“ጋሼ፣ ልብስህን ብንቆርሰው ለቁርስ ይበቃናል” አለች።

ሰይድ የራሱን ኮት አወጣልኝ። ሰይድ አጭር ሰው ነው።

ዓርብ

ቁርስ ፉል ነበር። ገርጂ ሁሉም ቤት በመሠራት ላይ ነው። ኮምቦልቻ ሰው መንገድ ባለበት ቤት ይሠራል፤ እዚህ ቤቱን ሠርቶ መንገዱ እስኪመጣለት ይጠብቃል። እስከዚያ አቧራው የጋራ ነው።

ከጁምዓ ስመለስ ሳሎኑ በሴቶች ተሞልቷል። ዴኩ ተከፍቶ የአንድ የአውሮፓ ልዑል ሠርግ ይታያል። ካሴቱን ከቪዲዮ ቤት የተከራየችው የኛዋ ሙሽራ ሐያት ናት፤ ከታየ ብዛት ምስሉ ዝናብ ይዘንብበታል። ሴቶቹ እያንዳንዱን እንግዳ ለይተው ያውቁታል።

“እስቲ አማቷን እዩልኝ” አለች ዳቦ ቤት ያላት ጎረቤት፣ እትዬ ዘነበች። “ልጅቷን ስታያት ፊቷ ይፈታል?”

“ንግሥት አይደለች? ምን ትሁን ታዲያ?” አለች እህቴ።

“ንግሥትም ብትሆን አማት አማት ናት።”

“እነዚህ ሰዎች እኮ ተፋተዋል” አልኩ ከጥግ ሆኜ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዘነበች እንደ ሕፃን አዘነችልኝ። “እናውቃለን ጋሼ። ይፋቱ። ሠርጉ ግን ሠርግ ነበር።”

የራሳችንን ንጉሥ ለማውረድ ሰልፍ ከወጡት አንዱ ነበርኩ። ያኔ ዘውድ የሚባለው ነገር ከአገሪቱ እስከ ወዲያኛው የሄደ መስሎን ነበር። ይኸው አሁን በካሴት ተከራይተነዋል። ጥቅም የለውም አልልም፤ የተከራዩት ንጉሥ ሲሰለች ይመለሳል፤ የኛውን ለመመለስ ግን የት እንደሚኬድ አናውቅም ነበር።

ልዑሉና ሙሽራዋ በሠረገላ ሲወጡ ሐያት ምስሉን አቆመችው። “አጎቴ፣ እንደዚህ ነው የምሄደው” አለችኝ። ኮምቦልቻ ቢሆን አንቱ ትለኝ ነበር፤ ገርጂ አጎትን አንተ ይላል።

ሠረገላው ጋሪ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ ቶሎሳ የሚባል በጋሪ ጭድና አሸዋ የሚያመላልስ ገበሬ አለ፤ ሐያት ከእሱ ጋር ተስማምታለች። ጋሪው ነጭ አንሶላ ይለብሳል፣ አበባ ይታሰርበታል፣ እሷም በእሱ ተቀምጣ ከገርጂ እስከ ሙሽራው ቤት ቦሌ ትገባለች። የእኛን አገር ጋሪ የሚያውቅ አንባቢ እንደ እኔ መሳቁ አይቀርም። ኮምቦልቻ ጋሪ ማለት ምጥ የያዛት ሴት፣ የጤፍ ጆንያና ከፋብሪካ የሚመለስ ሠራተኛ አንድ ላይ የሚሳፈሩበት ነው። የተሳፈረው ሰው ዘመድ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

የሚያስቅ ያልሆነውን ሰይድ ወደ ጓሮ ወስዶ ነገረኝ። የሙሽራው አባት ሐጂ ነስሩ የስልጤ ሰው ናቸው፤ መርካቶ ጨርቅ ይነግዳሉ። በቤታቸው ወግ ሙሽራ ስትመጣ አባትየው ራሳቸው ከበር ወጥተው፣ እጇን ይዘው አውርደው፣ መርቀው ነው የሚያስገቧት። ሐጂ “በጋሪ ከመጣች አልወጣም” ብለው ልከዋል።

“ባይወጡስ?” አልኩ።

“እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ የጓሮው ቤት ነው የተሰጣቸው። ያልተመረቀች ሙሽራ ሆና ስንት ዓመት ትገፋለች? እኔ ልከለክላት አልቻልኩም። አንተ ሞክር።”

ሞከርኩ። የእነሰይድ ሱቅ ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አገኘኋት። ስለ ነገሥታት ከንቱነት በደንብ የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ። አስጨረሰችኝና “አጎቴ፣ እዚህ ባንኮኒ ኋላ ነው ያደግኩት” አለች። “ሰው ሲመጣ ወደ እኔ ያያል፤ ግን የሚያየው ከኋላዬ ያለውን ሳሙና ነው። አንድ ቀን እኔን ቆሞ ይይ።”

“በመኪና ብትሄጂስ አይታይሽም?”

“ማንም በመኪና ይሄዳል። መኪና ሲያልፍ ማን ይቆማል?”

“ሐጂ ባይወጡልሽስ?”

ባንኮኒውን በጣቷ ጠረገች። “ፈራሁ” አለች። “ግን እሄዳለሁ።”

የተዘጋጀውን ንግግሬን ይዤ ወደ ጓሮ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ሽማግሌ ሆኜ ወደ ቦሌ ተላክሁ። የሰይድ ኮት እጅጌ ከእጄ አንጓ በላይ ቀርቶ ስለነበር ሚኒባስ ውስጥ እጆቼን ጉያዬ ውስጥ ቀብሬ ሄድኩ። ቦሌ ግንቡ ረጅም፣ በሩ ብረት፣ ሰዉ ጥቂት ነው። ኮምቦልቻ በር ላይ የቆመ ሰው ጎረቤት ነው፤ እዚህ ዘበኛ ነው።

ሐጂ ነስሩ እንደ ወንድም ተቀበሉኝ። ገና ሳልቀመጥ ምሳ ታዘዘ፤ ሩዝ፣ የበግ ጥብስ፣ ሳምቡሳ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሩቂያ በቆረስኩ ቁጥር “አልበሉም እኮ” ይላሉ። እሳቸውም ካሴቱን አይተውታል፤ ሐያት ለአማቷም አድርሳዋለች። “ደስ ይላል” አሉኝ በሹክሹክታ፣ ባላቸው ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሱ። “እሳቸው ግን ሠረገላው ሲመጣ ተነስተው ወጡ።”

ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጉዳዬን አነሳሁ። ልጅነት ነው፣ ጋሪው ንጹሕ ይሆናል፣ ሰውም ተዝናንቶ ይረሳዋል አልኩ። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና ከፈገግታ ጋር እምቢ አሉ። እኔ ደግሞ እምቢ ሲሉኝ የመከራከር ልማድ አለኝ። ጋሪ ነውር አይደለም፣ ላቡን አፍስሶ በጋሪ ሠርቶ የሚያድር ሰው ከብዙ ባለመኪና ይከበራል አልኳቸው።

“እርስዎ ድህነትን ከመጽሐፍ ነው የሚያውቁት” አሉኝ ያለ ቁጣ። “ከመጽሐፍ ሲሆን ያምራል።”

ተነስተው በሩን ዘጉ። ከዚያም የጎልማሳነታቸውን መጀመሪያ መቂ ላይ ጋሪ ሲነዱ እንዳሳለፉ ነገሩኝ። ሽንኩርት፣ ከሰል፣ ሰካራም፣ ሬሳም ጭነዋል። ሩቂያ ታውቃለች፤ ልጆቹ አያውቁም። ልጆቹ አባታቸው ከነሱቁ የተወለደ ነው የሚመስላቸው።

“ጋሪ ደጄ ላይ ሲቆም እኔ የማየው ሙሽራ አይደለም” አሉ። “‘አንተ ባለጋሪ’ ብሎ የሚጠራኝን ሰው ነው። ልጅቷን አልጠላኋትም። ግን ያንን ለመቀበል ከቤቴ አልወጣም። ይህንንም ለማንም አይንገሩብኝ።”

አልነግርም አልኩ። ስነሳ ኮቴን ከላይ እስከ ታች አዩት። “ጠበበዎት” ብለው ገቡና ጥቁር ኮት ይዘው ወጡ። ልክ የተሰፋልኝ ነበር የሚመስለው። የልጅቷ አጎት ሆኜ ሄጄ በልጁ አባት ኮት ተመለስኩ፤ እንዲህ ያለ ሽምግልና በታሪክ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ገርጂ ስደርስ ሐያት ኮቱን አይታ ደስ አላት፤ የተሳካልኝ መስሏታል። አልተሳካም አልኳት። ለምን ስትለኝ፣ “ሰው የራሱ ምክንያት አለው” ከማለት ሌላ ምንም አልነበረኝም። ደካማ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በጽሑፍ ባገኘው እሰርዘው ነበር።

እሑድ

ኒካው ጠዋት በወንዶቹ መካከል ታስሮ አለቀ። ከዚያ ቶሎሳ መጣ። ሐያት የአንድ ሆቴል በረኛ ቀይ ካፖርት ከነናስ ቁልፉ ተውሳ አልብሳዋለች። ካፖርቱን ከለበሰ ጀምሮ ቶሎሳ አንገቱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላዞረም። ቪዲዮ ቀራጩ ሦስቴ አዙሮ አስመጣው፤ ቶሎሳ አራተኛም ቢሆን ደስ ባለው ነበር። ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ የታሰረለትን አበባ ለመብላት አንገቱን እያጣመመ ሲታገል ቆየ።

ሐያት ወጣች። አምራ ነበር፤ ስላቅ የማይሠራበት ቦታ አለና እዚህ ላይ ልተወው።

ጋሪው ፊት፣ መኪኖቹ ከኋላ ሆነን ኮረኮንቹን ተሻግረን አስፋልት ስንወጣ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። “ጋሪ በዚህ አይሄድም” አለ። ቶሎሳ አልመለሰም፤ ቀይ ካፖርት የለበሰ ሰው ለፖሊስ አይመልስም። መኪናችን መንገድ ስለተዘጋባት ወርጄ ወደ ጋሪው ተጠጋሁ። ሰው ከታክሲ እየወረደ፣ ከሱቅ እየወጣ ይሰበሰባል።

“ማን ናት?” አለ አንዱ።

“ዘፋኝ ናት።”

“የቷ ዘፋኝ?”

“አዲሷ ናታ። አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ።”

“ዝም በሉ” አለ ሦስተኛው፣ ጋዜጣ ያጣጠፈ። “የንጉሥ ዘር ናት። ከውጭ ገብታ ነው። ሠረገላውን አታዩም?”

ወሬው ከጋሪው ፈጥኖ ሄደ። ጋዜጣ የያዘው ሰው ወደ እኔ ጠጋ አለና “አባት፣ ከቤተ ዘመድ ነዎት?” አለኝ።

“አጎቷ ነኝ።”

የሐጂን ኮት አየና ከወገቡ ዝቅ አለ። “ያስታውቃሉ።”

“የገርጂ ባለሱቅ ልጅ ናት” አልኩት።

“ይደብቁ እንጂ” አለኝ በአክብሮት። “ያሳለፋችሁትን እናውቃለን።”

ወሬው ለፖሊሱም ጆሮ ደረሰ መሰለኝ፣ ሌላውን መኪና ሁሉ አቁሞ አሳለፈን። እጁ ወደ ቆቡ ሊሄድ ሲል መሐል መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ጆሮውን አከከ። ከዚያ በኋላ ሰው በግንብ ላይ ነበር፣ በዛፍ ላይ ነበር፣ በቆመ የጭነት መኪና ላይ ነበር። ሐያትን ቆሞ ያያታል። እሷም ታያቸዋለች። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ዓይኗ ውስጥ ደስታም ፍርሃትም ነበር። እኔ ግን የሚያዩት ማንን እንደሆነ ልነግራት አልቻልኩም።

ቦሌ፣ የሐጂ በር ደረስን። በሩ ተከፍቷል። ወይዘሮ ሩቂያ ከሴቶቹ ጋር ቆመዋል። ሐጂ የሉም።

ሐያት አልወረደችም። እጇን የሚይዝ ሳይመጣ መውረድ አትችልም፤ ብትወርድ ሳይቀበሏት ገባች ማለት ነው። ሙሽራው ፈይሰል ከመኪናው ወርዶ እናቱን አየ፤ እናቱ መሬት አዩ። እልልታው ቀዘቀዘ።

“ለምንድነው የማትወርደው?” አለች ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት።

“የንጉሥ ዘር ዝም ብሎ ይወርዳል? ምንጣፍ እየጠበቀች ነው።”

“አዎን፣ ወጋቸው ነው።”

ከኋላ ያሉት መኪኖች ጋሪው ለምን እንደቆመ አልገባቸውም፤ የሠርግ መኪና ሲደርስ እንደሚያደርገው ሁሉም በአንድ ላይ ጥሩምባ ነፉ። ቡልቡላ ማሳ ላይ ያደገ ፈረስ ይህን አያውቅም። ፊት እግሮቹን አነሳ። ቶሎሳ ልጓሙን ለቆ ወርዶ ነበር፤ ቪዲዮ ቀራጩ ከጋሪው ጎን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነግሮት፣ አለንጋውን እንደ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። ጋሪው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ከኋላ የውኃ መውረጃው ቦይ ነው። ሐያት አንሶላውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ፈይሰል ሮጦ የጋሪውን ጎን ያዘ፤ ፈረስ ጋሪውን ሲገፋ ጋሪ መያዝ ምን እንደሚረዳ አላውቅም፣ ያዘ ግን።

ሐጂ ነስሩ ከቤት ወጡ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፣ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ወደ ፈረሱ በጎን መጡ እንጂ በፊት አልመጡም። ልጓሙን ከአገጩ ሥር አሳጥረው ያዙ፣ በሌላው መዳፋቸው ዓይኑን ከለሉ፣ ትከሻቸውን አንገቱ ላይ ጣሉና በኦሮምኛ ቀስ ብለው አናገሩት። መንኮራኩሩ ቦዩ ጫፍ ላይ ቆመ።

“ሽማግሌ!” አለ ከግንብ ላይ አንድ ጎረምሳ። “ዞር በል ከዚያ፣ ከለልከን እኮ።”

“እሺ፣ ጌታዬ” አሉ ሐጂ ሳይዞሩ።

ፈረሱን አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ ሳቡት፤ ጋሪውን፣ ሙሽራዋን፣ አበባውን ሁሉ ይዘው በሩን አልፈው ግቢ ገቡ። ዘበኛው በሩን ዘጋው። ሕዝቡ ውጭ ቀረ፤ ለረጅም ጊዜም አልተበተነም።

ውስጥ ሐጂ ልጓሙን ለቶሎሳ ሰጡ። እጃቸውን በጀለቢያቸው ጠርገው ለሐያት ዘረጉ። “ነይ ውረጂ ልጄ” አሉ። አንሶላውን አልለቅ ስትል እንደ ዕቃ አቅፈው ነው ያወረዷት። ምርቃቱ አጭር ነበር፤ ከመሐል ወይዘሮ ሩቂያ ተቀብለው ጨረሱላቸው። እኛም አሚን አልን። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ቶሎሳም ካፖርቱን ሳያወልቅ በላ።

ሰኞ

ሐጂ በራሳቸው መኪና አውቶቡስ ተራ ካላደረስኩ አሉ። ኮቱን ልመልስ ስል እንደ ስድብ ቆጠሩት። ሰይድና ከድጃ ለመንገድ ዳቦና ሳምቡሳ አስረውልኝ ነበር፤ ወይዘሮ ሩቂያ ደግሞ ሌላ ዳቦና ሌላ ሳምቡሳ ጨመሩ፤ እስከ ደሴ አንድ አውቶቡስ ይመግባል።

 መስቀል አደባባይን ካለፍን በኋላ “መጻፍዎ አይቀርም መቼም” አሉኝ።

“ከፈቀዱልኝ።”

“ስሜን ይለውጡ። ልጆቼ የኮምቦልቻ ጽሑፍ አያነቡም።” ማርሽ ለወጡ። “ፈይሰል ትናንት ጠየቀኝ። ‘አባ፣ ፈረስ መያዝ የት ተማርክ?’ አለኝ።”

“ምን አሉት?”

“ከሐያት ካሴት አይቼ ነው አልኩት።”

“አመነዎት?”

“ፈረንጅ አስተማረኝ ካልኩት ምን ያጠራጥረዋል?” አሉና ወርደው ሻንጣዬን ለረዳቱ አቀበሉት።